ጥፋቱ የማን ነበር?

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይላሉ አበው። ይህን ምሳሌያዊ አነጋገር ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ፤ መምህር ከሆንሁም በኋላ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ደጋግሜ ጽፌዋለሁ። ትርጉሙን በሚገባ የተረዳሁት ግን በክፍል ውስጥ ሆኜ ሳይሆን፣ ከአንዲት አሮጌ መኪና ሥር በጀርባዬ ተንጋልዬ፣ እጄ በግራሶ ተለውሶ ሳለ ነው። ከዚያች ቀን አስቀድሞ አንድ ሰው በድዬ ነበር። ይህን ጽሑፍ የምጽፈውም የመኪናዋን ብልሽት ለመተረክ ብቻ ሳይሆን፣ በደሌ ከምን እንደ መነጨ ለማሳየት ጭምር ነው።

በ1989 ዓ.ም. በደሴ ከተማ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምር ነበር። ለዓመታት ባጠራቀምሁት ገንዘብ ላይ ከዘመድ ተበድሬ ጨመርሁና አንዲት መኪና ገዛሁ። መኪናዋ በ1965 ዓ.ም. የተሠራች፣ ጀርባዋ የጢንዚዛ ጀርባ የሚመስል፣ በሀገራችን «ቮልስ» እየተባለች የምትጠራው ዓይነት ነበረች። ይህ ዓይነት መኪና በዓለም ላይ ከ21 ሚሊዮን በላይ ከተሠራ በኋላ፣ የመጨረሻዪቱ በሐምሌ ወር 1995 ዓ.ም. ሜክሲኮ ውስጥ ከፋብሪካ ወጥታለች። ሞተሯ በስተኋላ ነው፤ የሚቀዘቅዘውም በውሃ ሳይሆን በአየር ነው። ባትሪዋ የሚቀመጠው ከኋላ መቀመጫ ሥር ነው። አሠራሯ ቀላል፣ ጉልበቷም ለመጠኗ የማይናቅ በመሆኑ የደሴን አቀበትና ቁልቁለት ያለ ችግር ትወጣና ትወርድ ነበር።

ይሁን እንጂ ማንኛውም ሞተር በራሱ ኀይል መዞር ከመጀመሩ በፊት ከውጭ የሚያዞረው ይፈልጋል። በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያው አውቶሞቢል ለዳግማዊ ምኒልክ አዲስ አበባ በገባበት ዘመን፣ የመኪና ሞተር የሚነሣው በብረት እጀታ፣ በክንድ ኀይል እየተዞረ ነበር። እጀታው አንዳንድ ጊዜ በድንገት ወደ ኋላ እየተስፈነጠረ የብዙ ሰው ክንድ ሰብሯል። እ.ኤ.አ. በ1912 ካዲላክ የተባለው የአሜሪካ መኪና፣ ቻርልስ ኬተሪንግ በተባለ መሐንዲስ የተፈለሰፈውን በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማስነሻ ይዞ ለገበያ ቀረበ። የሀገራችን መካኒኮች ይህን ዕቃ ከጣሊያንኛ በወሰዱት ቃል «ሞተሪኖ» ይሉታል፤ ትንሽ ሞተር ማለት ነው።

የሞተሪኖው አሠራር እንደሚከተለው ነው። ሹፌሩ ቁልፉን ሲያዞር በቀጭን ሽቦ የሚመጣ ጥቂት ኤሌክትሪክ፣ በሞተሪኖው ጀርባ ላይ ያለውን ጥቅልል ሽቦ መግነጢስ ያደርገዋል። መግነጢሱም አንድ የብረት ዘንግ ስቦ በአንድ ጊዜ ሁለት ሥራ ይሠራል። አንደኛ፣ ፒኞን የምትባለውን ትንሽ ጥርሳም መዘውር ገፍቶ፣ ቮላኖ ከሚባለው ከትልቁ የሞተር መዘውር ጥርስ ጋር ያገናኛታል። ሁለተኛ፣ ሁለት ወፍራም የመዳብ መገናኛዎችን ያገጣጥማል። በዚህ ጊዜ ከባትሪው የሚመጣው ብርቱ ኤሌክትሪክ በወፍራሙ ገመድ ወደ ሞተሪኖው ገብቶ ያሽከረክረዋል። የቮልስዋ ቮላኖ 130 ጥርሶች ሲኖሩት የፒኞኗ ጥርሶች ግን ከ10 አይበልጡም። ስለሆነም ቮላኖው አንድ ጊዜ እንዲዞር ፒኞኗ ቢያንስ 13 ጊዜ መዞር አለባት። ሥራው እንዲህ ከባድ በመሆኑ፣ ለአንድ የፊት መብራት 4 ወይም 5 አምፔር ሲበቃው፣ ሞተሪኖ ከ100 እስከ 200 አምፔር ሊወስድ ይችላል።

መኪናዬን ለዘጠኝ ዓመት ያህል ያለ ብርቱ ችግር ነዳኋት። በጥር ወር 1998 ዓ.ም. ግን፣ ቁልፉን ሳዞር ሞተሪኖው እንደ ሰነፍ ሠራተኛ ይጎተት ጀመር። አንዳንድ ቀንም «ጠቅ!» የሚል ድምፅ ብቻ አሰምቶ ዝም ይላል። የወሰድሁበት መካኒክ ለጥቂት ጊዜ ካዳመጠ በኋላ፣ «ዕድሜውን ጨርሷል፤ ይለወጥ» አለኝ። ሠላሳ ዓመት ያለፈው ዕቃ ነውና ፍርዱ ትክክል መሰለኝ። አዲስ አበባ ለሥራ የሚሄድ አንድ ባልደረባዬን ገንዘብ ሰጥቼ ላክሁት፤ እርሱም 400 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ የወር ደመወዜን እኩሌታ የበላ አዲስ ሞተሪኖ ከመርካቶ ገዝቶ አመጣልኝ። ዕቃው ቀለሙ የሚያብረቀርቅ፣ ካርቶኑ ያማረ ነበር። አሮጌውን በጨርቅ ጠቅልዬ አልጋ ሥር ወረወርሁት።

አዲሱ ሞተሪኖ ለስድስት ሳምንት አገለገለኝና እርሱም «ጠቅ» ብሎ ዝም አለ። መካኒኩ ሲከፍተው መገናኛዎቹ ነድደው ጠቁረው ተገኙ። ወፍራም መዳብ መሆን ሲገባቸው፣ መዳብ የተቀባ ስስ ብረት ነበሩ። «ኮፒ ነው ጋሼ፤ ተታልለዋል» አለኝ። ሻጩ ማን እንደ ሆነ እንኳ ስለማላውቅ ንዴቴን የማፈስበት ሰው አላገኘሁም። ንዴቱ ግን አልጠፋም፤ በውስጤ ተዳፍኖ ባለቤት ይፈልግ ነበር።

በከተማው ውስጥ ከአንድ ዘመዱ ጋር የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥ አንድ ወጣት ነበር። ዘጠነኛ ክፍል ሳለ አማርኛ አስተምሬዋለሁ። ችግሬን ስነግረው ከመደርደሪያው ሥር ያገለገለ ሞተሪኖ አወጣ። ከፈራረሰች ቮልስ ላይ የተፈታ፣ ቀለሙ የለቀቀ፣ ነገር ግን የፋብሪካው ምልክት በግልጽ የሚነበብበት ነበር። በሱቁ ወለል ላይ አስቀምጦ ከባትሪ ጋር ሲያገናኘው ሞተሪኖው እያፏጨ ተሽከረከረ። «ጋሼ፣ አዲስ አይደለም ግን ኦሪጅናል ነው። ቢያስቸግርዎት ይመልሱልኝ» አለኝ። ዋጋውም ካለፈው በብዙ ያነሰ ነበር። አመስግኜው ወሰድሁ።

ሦስት ወር ደኅና ሰነበተ። በኋላ ግን ጧት ጧት መጎተት አመጣ። እኔም እንደ ብዙ የአሮጌ መኪና ባለቤቶች አንድ ብልሃት ለመድሁ። ደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር የተቀመጠች ተዳፋት ከተማ በመሆኗ፣ መኪናዬን ሁልጊዜ አፏን ወደ ቁልቁለት አድርጌ አቆማለሁ። ጧት ሁለተኛ ማርሽ አስገብቼ፣ ፍሪሲዮኑን ረግጬ እለቅቃታለሁ፤ ጥቂት ከተንደረደረች በኋላ እግሬን ሳነሣ ሞተሩ ይነሣል። ብልሃቱ ስለ ሠራልኝ የብልሽቱን ምክንያት መፈለግ ተውሁ። ዛሬ ሳስበው ከስህተቶቼ ሁሉ የከፋው ይህ ነበር።

በነሐሴ ወር አንድ ሌሊት፣ ዝናቡ ሲወርድ ውሎ ሲወርድ ባመሸበት ቀን፣ በሬ በኀይል ተደበደበ። ጎረቤቴ የነበሩ አንዲት አሮጊት ነበሩ። የመጀመሪያ ልጇን የምትጠብቅ ሴት ልጃቸውን ምጥ ይዟት ከማታው ጀምሮ ደም እየፈሰሳት ኖሯል። «ልጄን አድርስልኝ» አሉኝ። ካፖርቴን ደርቤ ወደ መኪናዬ ሮጥሁ። በዚያን ሰሞን በወትሮው ቦታዬ የውሃ መውረጃ ቦይ ይቆፈር ስለ ነበር፣ መኪናዬን ያቆምኋት በሜዳማ ግቢ ውስጥ ነበር። ሴትዮዋን ደግፈን አስገባናት፤ ቁልፉን አዞርሁ። «ጠቅ!» ደግሜ አዞርሁ። «ጠቅ!» መብራቱ ደብዝዞ መልሶ በራ እንጂ ሞተሩ ንቅንቅ አላለም። ጎረቤቶች ተሰብስበው ሊገፏት ሞከሩ፤ ጎማዎቹ በጭቃው ውስጥ ተንሸራተው ቆሙ። በመጨረሻ ሴትዮዋን አውጥተው በቃሬዛ ተሸክመው እስከ አስፋልቱ ወረዱ። እዚያም በዕድል የደረሰ አንድ የጭነት መኪና ሐኪም ቤት አደረሳት።

እግዚአብሔር ይመስገን እናትም ልጅም ተረፉ። ሆኖም ብዙ ደም ስለ ፈሰሳት እናቲቱ ለሁለት ሳምንት ተኝታ ታከመች። እኔ በዚያች ሌሊት በዝናቡ ውስጥ ከመኪናዬ አጠገብ ቆሜ የተሰማኝን እፍረት በቃላት መግለጽ አልችልም። አሮጊቷ በማግስቱ ሲያገኙኝ፣ «ምን ታደርገዋለህ ልጄ፤ ብረት ነው» ከማለት በስተቀር አንዳች አልተናገሩኝም። ወቀሳቸውን ብሰማ ይቀልለኝ ነበር።

እፍረት የሚሸከመው ሲያጣ ቁጣ ይሆናል። የእኔም እፍረት ሳያድር ወደ ቁጣ ተለወጠ። ከአሮጊቷ ተለይቼ በቀጥታ ወደ ወጣቱ ሱቅ ሄድሁ። ገበያተኞች ነበሩ፤ ዘመዱም ቆሞ ነበር። ምንም ሳልጠይቅ፣ «ሌባ! ለመምህርህ የሞተ ዕቃ ሸጠህ ሰው ልታስገድል ነበር!» ብዬ ጮኽሁበት። ልጁ ክው አለ። «ጋሼ፣ ዕቃውን ያምጡትና እንየው» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የሚታይ ነገር የለም» ብዬው ወጣሁ። በክፍል ውስጥ ማስረጃ የሌለውን ሐሳብ በቀይ ቀለም የምሰርዘው ሰው፣ በአደባባይ ያለ ማስረጃ ፈረድሁ።

በዚያው ሳምንት መኪናዬን አስጎትቼ በመኪና ኤሌክትሪክ ሥራ ከአርባ ዓመት በላይ ወደ ኖሩ አንድ ሽማግሌ ወሰድኋት። ታሪኩን ሁሉ በትዕግሥት አዳመጡኝ። ሞተሪኖውን ፈትተው ካወጡ በኋላ፣ እኔ እንደ ጠበቅሁት እርሱን መመርመር አልጀመሩም። ከመኪናዋ ሥር ገብተው ሞተሪኖው የነበረበትን ቀዳዳ በጣታቸው ዳሰሱ። ከዚያም «መምህር፣ ይምጡና እርስዎም ይዳስሱ» አሉኝ። እኔም በጀርባዬ ተንጋልዬ ገባሁ። በካምቢዮው ቤት ግድግዳ ላይ መካኒኮች «ቡሽ» የሚሉት፣ ከጣት የማይወፍር የነሐስ ቀለበት ነበር። ክብ መሆን ሲገባው ተበልቶ እንደ እንቁላል ሞላላ ሆኗል።

«ከዚህች መኪና ሞተሪኖ ላይ፣ የዘንጉ የፊተኛው ጫፍ የሚደገፈው በራሱ ቤት ውስጥ አይደለም» አሉ ሽማግሌው። «በካምቢዮው ላይ ባለው በዚህ ቡሽ ነው። ሞተሪኖ ሲለወጥ ቡሹ እዚያው ይቀራል። እርስዎ እንግዳውን ሁለት ጊዜ ለወጡ እንጂ የተሰበረውን መደብ አልጠገኑም።»

ሞተሪኖውን ከፍተውም የውስጡን ተሽከርካሪ ክፍል አሳዩኝ። በአንድ ወገን ብረቱ ተፍቆ ያብለጨልጫል። ቡሹ በመበላቱ ዘንጉ እየወዘወዘ፣ ተሽከርካሪው በዙሪያው ካለው ብረት ጋር ሲፋተግ ኖሯል። ሲፋተግ ይከብደዋል፤ ሲከብደው ብዙ ኤሌክትሪክ ይወስዳል። ይህ የማንም ፋብሪካ ጥፋት አይደለም፤ ቡሽ ሲያረጅ የሚለወጥ ዕቃ ነው። በሱቁ ወለል ላይ ሲሞከር እያፏጨ የዞረውም ሸክም ስላልነበረበት ነው። ያለ ሸክም መሽከርከርና ሸክም ተሸክሞ መዞር የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ሽማግሌው በዚህም አልቆሙም። ሞተሪኖውን ለጊዜው መልሰው አስረው፣ የቮልት መለኪያቸውን አንዱን ጫፍ በባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን በካምቢዮው ብረት ላይ አድርገው ቁልፉን እንዳዞር አዘዙኝ። ዜሮ አጠገብ መቆም የነበረበት መለኪያ 2 ቮልት አሳየ። ካምቢዮውን ከመኪናዋ አካል ጋር የሚያገናኘው የሽቦ ጥልፍ ጫፉ ዝጎ ኖሯል። ተማሪዎች በፊዚክስ ትምህርታችሁ የተማራችሁትን የኦም ሕግ አስታውሱ፤ 200 አምፔር በሚያልፍበት መንገድ ላይ የአንድ ኦም አንድ መቶኛ ያህል ተቃውሞ ቢኖር 2 ቮልት ይባክናል። ባትሪው ያለው ደግሞ 12 ቮልት ብቻ ነው። ለመብራት የማይታወቅ ትንሽ ዝገት ሞተሪኖን ሊያንበረክክ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ያን ጊዜ ነገሩ ሁሉ በአእምሮዬ ተራ በተራ ተሰለፈ። ከመርካቶ የመጣው ሞተሪኖ በእርግጥ ደካማ ነበር፤ መዳብ የተቀባ ብረት መዳብ አይደለምና። ነገር ግን ከአቅሙ በላይ ያሠራው የተበላው ቡሽ ነበር። እውነተኛ ድካም ስለ ተገኘበት፣ ሌላው ጥፋት ከኋላው ተሸሸገ። ሁለት ጥፋቶች በአንድ ስፍራ ሲገኙ አንደኛው ሌላውን ይሸፍነዋል። እኛም የመጀመሪያውን እንዳገኘን ፍለጋውን እናቆማለን። ሁለተኛው ሞተሪኖ ደግሞ ከዚያ ከታመመ ቦታ ገብቶ እስኪደክም ድረስ ጥፋት አልነበረበትም። የሸጠልኝ ልጅ የተናገረው ሁሉ እውነት ነበር።

ሽማግሌው አዲስ ቡሽ ገዝቼ እንዳመጣ ላኩኝ። ዋጋው ከአንድ ምሳ አይበልጥም ነበር። ነሐሱ በጥቃቅን ቀዳዳዎቹ ዘይት የሚይዝ ስለ ሆነ፣ ሌሊቱን በሞተር ዘይት ውስጥ ዘፍዝፈው አሳደሩት። «አሮጌው ሞተሪኖ የት አለ?» ብለው ሲጠይቁኝ ከአልጋ ሥር አወጣሁት። ካርቦኖቹን ለወጡ፤ ካርቦኖቹ የሚነኩትን የመዳብ ቀለበት በቶርኖ ጥቂት አስላጩ፤ የዛገውንም የሽቦ ጥልፍ በአዲስ ተኩ። «ዕድሜውን ጨርሷል» ተብሎ የተፈረደበት ያ ሞተሪኖ፣ መኪናዬን እስከ ሸጥሁበት እስከ 2006 ዓ.ም. ድረስ አንድ ቀን እንኳ አላሳፈረኝም።

የሚቀረኝ አንድ ከባድ ጥገና ነበር። በማግስቱ ቅዳሜ ገበያ ሞልቶ ሳለ ወደ ወጣቱ ሱቅ ሄድሁ። ሰው በሌለበት ሰዓት ለመሄድ ልቤ ከጅሎ ነበር፤ ነገር ግን በአደባባይ የተናገርሁትን በጓዳ ማስተባበል ተገቢ መስሎ አልታየኝም። የተበላውን ቡሽ ከኪሴ አውጥቼ በጠረጴዛው ላይ አኖርሁና፣ ዘመዱና ገበያተኞች እየሰሙ፣ «ጥፋቱ የዚህ ነበር፤ ከዚህም ይልቅ የእኔ ነበር። ሌባ ብዬሃለሁ፤ አንተ ግን እውነተኛ ነህ። ይቅር በለኝ» አልሁት። ልጁ ቡሹን አንሥቶ ለረጅም ጊዜ አገላብጦ አየው። ከዚያም «ጋሼ፣ እኔም በመኪናዋ ላይ ሳይታሰር መሸጥ አልነበረብኝም። ቡሹን አይተዋል ወይ ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ» አለኝ። ዘመዱ በዚያ ሳምንት ከሥራ ሊያሰናብተው አስቦ እንደ ነበር የሰማሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ይህን ስሰማ ጉልበቴ ከዳኝ። አንድ ቃል የሰውን እንጀራ ልትቆርጥ ተቃርባ ነበር።

አሮጌ መኪና በሚበዛበት ሀገር የመለዋወጫ ነገር ቀላል አይደለም። ፋብሪካው መሥራት ሲያቆም ገበያው ከብዙ አቅጣጫ በሚመጣ ዕቃ ይሞላል። አንዱ አዲስና መልካም ነው፤ አንዱ አዲስ ሆኖ ስስ ነው፤ ሌላው የተሰበረው ብቻ ተለውጦ፣ የተቀረው አሮጌ ሆኖ ቀለም የተቀባ ነው። ስለዚህ ገዢ ካርቶኑን ሳይሆን ዕቃውን ማየት፣ ዘንጉን ይዞ መወዛወዙን መፈተን፣ ሸክም ተሸክሞ ሲሠራ መመልከት ይገባዋል። ከሁሉ አስቀድሞ ግን፣ «የቀድሞው ዕቃ ስለ ምን ተበላሸ?» ብሎ መጠየቅ አለበት። ይህ ጥያቄ ሳይመለስ የሚገዛ አዲስ ዕቃ ሁሉ የአሮጌውን ዕጣ ይወርሳል።

ስለ ሰውም ቢሆን ነገሩ ተመሳሳይ ነው። አንድ ነገር ከሌላ ነገር ቀጥሎ ስለ መጣ ብቻ የእርሱ ውጤት ነው ማለት አይቻልም። ልጁ ሸጠልኝ፤ መኪናዬ ቆመች፤ እኔም «ስለ ሸጠልኝ ቆመች» ብዬ ደመደምሁ። በሁለቱ መካከል በጨለማ ውስጥ የተቀመጠች አንዲት የነሐስ ቀለበት ነበረች። ያችን ቡሽ እስከ ዛሬ ድረስ በጽሕፈት ጠረጴዛዬ ላይ አኑሬአታለሁ። በተማሪ ድርሰት ላይ ወይም በሰው ሥራ ላይ ለመፍረድ ብዕሬን ሳነሣ ዓይኔ ወደ እርስዋ ይሄዳል። ያን ጊዜ ጣቴን ወደ ቀዳዳው ሰድጄ ሳልዳስስ እንዳልናገር ታስታውሰኛለች። ነገርን ከሥሩ!